በጠመኔ የተጻፈ ሰዓት

እህትና ወንድም ከተኳረፉ ሰባት ሳምንት ሆኗቸዋል። ቤቱ ግን ጸጥ አላለም። እንዲያውም ከድሮው ይልቅ ወሬ በዝቶበታል፤ እያንዳንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ይነገራላ። «እማዬ፣ ንገሪያት፤ ቁልፉን የት አደረገችው?» ይላል ወንድም ሻዩን እየጠጣ፤ እህቱ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጣ። እናትየው ወደ ሴት ልጇ ዞር ትልና «ቁልፉን የት አደረግሽው?» ትላለች። «ምስማሩ ላይ ነው በይው።» «ምስማሩ ላይ ነው።» በመጀመሪያው ሳምንት እናትየው ተቆጣች፤ በሁለተኛው አለቀሰች፤ አሁን ለምዳው «ስልክ ብሆን እኮ ይሄኔ ሀብታም ነበርኩ» እያለች ታስተላልፋለች። የተጣሉት በብርሃን ምክንያት ነው። የፊት ለፊቱ ክፍል አንዲት መስኮት ብቻ አለችው፤ እህት ልብስ ሰፊ ስለሆነች የስፌት መኪናዋን ከመስኮቷ ሥር ዘርግታ ትሠራለች። ወንድም መስታወት ቆራጭ ነው፤ የጓሮው ዳስ ማፍሰስ ሲጀምርበት መስታወቶቹን አምጥቶ መስኮቷ ላይ አስደገፋቸው። «መስታወት ብርሃን አይከለክልም» አለ። «አቧራው ይከለክላል» አለች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ በሳቅ ያልፍ ነበር። እሱ ግን «ያላገባች ሴት በቤት ጉዳይ ምን አገባት» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ቀጥታ ቃል በመካከላቸው አላለፈም።

ሐሙስ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ የአሥራ ሁለት ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ ቆርጣ ጨርሳ መስፋት ጀምራለች። ከመኪናዋ በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ላይ ሰዓት ተሰቅሏል፤ በሽርጧ ኪስ ውስጥ ነጭ ጠመኔ አለ። ከዚያ ጠመኔ ጋር የሚሄድ ልማድም አላት፤ ቁጥር በጭንቅላቷ አትይዝም። በጨርቅ ፋብሪካ አራት ዓመት ስትሠራ የበላይዋ የነበረች ሴት «ጻፊና እርሺው» ብላ አስተምራታለች። የአሥር ሰው ወገብ በጭንቅላት ይዤ እዞራለሁ ያለች ልብስ ሰፊ የአንዱን ሱሪ ለሌላው ትሰፋለች። ስለዚህ ልኩን ትለካለች፣ ጨርቁ ላይ ትጽፋለች፣ ከዚያ ከአእምሮዋ አውጥታ ትጥለዋለች። ደንበኛ ከደቂቃ በኋላ «ስንት መጣ?» ብሎ ቢጠይቃት እንኳ ጨርቁን ሳታይ አትመልስም።

ወንድምና የሥራ ባልደረባው ለአንድ ሱቅ የሚገጠም ትልቅ መስታወት ተሸክመው ሊወጡ ነበር። ባልደረባውን ሰፈሩ «እሺታው» ይለዋል፤ ምን ቢሉት «እሺ» ስለሚል ነው። ብድር ሲጠይቁት እሺ፣ ሲሰድቡት እሺ፤ አንዴ ሁለት ሰዎች በተመሳሳይ ሰዓት ሁለት ቦታ ቢቀጥሩት ለሁለቱም እሺ ብሎ ቤቱ ተደብቆ ውሏል። መስታወቱን ከፊት የያዘው እሱ ነው። «ትንሽ ወደ ቀኝ» አለው ወንድም። «እሺ» አለ፤ ወደ ግራ ሄደ። የመስታወቱ የታችኛው ጥግ የበሩን ደፍ መታ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡ የሚሰማውን ያህል። ከዚያ መስታወቱ ለሁለት ተሰነጠቀና የላይኛው ግማሽ ተንሸራትቶ ወርዶ ወንድምን በቀኝ ጭኑ ውስጠኛ በኩል ገባበት። እሱ ቁጭ አለ፤ ሰው ደክሞት ደፍ ላይ እንደሚቀመጥ። ደሙ ግን የሚፈስ ደም አልነበረም። በልብ ምት ልክ እየተፈናጠረ ይወጣ ነበር፤ ደማቅ ቀይ ነው፤ ግድግዳውን፣ የተቆረጡትን የልጆች ልብሶች፣ የእሺታውን ጫማ ነካ።

ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ረግጣ እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። እሱ ዘንድ ስትደርስ በሁለት መዳፏ ቁስሉን ተጫነችው፤ ደሙ በጣቶቿ መሃል አልፎ ወጣ። ፋብሪካ ሳሉ አንድ ሰውዬ የፕላስቲክ እግር ይዞ መጥቶ ግማሽ ቀን ደም ማቆም አስተምሯቸው ነበር፤ ሴቶቹ በፕላስቲኩ እግር ሲሳሳቁ ዋሉ። አሁን የዚያ ሰው ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። መጀመሪያ ተጫኑ። ካልቆመ ከቁስሉ በላይ እሰሩ። ሰፊ ጨርቅ። እጇ አንገቷ ላይ ወዳለው የልኬት ሜትር ሄደ፤ ቀጭን ነው፣ ይቆርጠዋል፣ ተወችው። ሰፍታ ያስቀመጠችውን የቀሚስ ወገብ፣ አራት ጣት የሚሰፋውን፣ አንስታ ከቁስሉ ከፍ አድርጋ ጭኑ ላይ ጠመጠመችና ቋጠረች። «እንጨት! እንጨት ስጪኝ!» አለች። እናትየው ከኩሽና የእንጨት ማንኪያ ይዛ መጣች። ማንኪያውን ቋጠሮው ላይ አስገብታ አዞረችው። ወንድም ያን ጊዜ ጮኸ። ጩኸቱ ጎረቤት ሁሉ አስወጣ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ጠመዘዘችው፤ ደሙ ቀነሰ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ። ማንኪያውን እንዳይመለስ በሌላ ጨርቅ አሰረችው፤ ቁስሉ ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ ጠቀጠቀች። የቀረው የሰውዬው የመጨረሻ ቃል ነበር፤ ሰዓቱን ጻፉ፣ ግንባሩ ላይ ጻፉ፣ የትም እንዳይጠፋ። ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ጠመኔዋን አወጣች። ግን ዕድሜዋን ሙሉ በጨርቅ ላይ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት፤ እጇ ወደ ግንባር አልሄደም። ደም ያልነካው የግራ እግሩ ላይ፣ በጥቁር ሰማያዊው ሱሪ ላይ ተጭና ጻፈች። ጽፋም ረሳችው።

መንገድ ላይ የቆመው የመጀመሪያ ታክሲ ሹፌር ደሙን አይቶ «ወንበሩን ማን ያጥብልኛል?» አለ። «እኔ አጥባለሁ! አዲስ ልብስ እሰፋለታለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ!» ብላ በሩን ያዘች። ሹፌሩ መስታወቱን ዘጋ፤ ጣቷ እንዳይያዝ ቀስ እያለ ዘጋው፤ ያ ጥንቃቄው ነው ኋላ ያናደዳት። ከኋላው የመጣው ቲማቲም የጫነ ፒክአፕ ነበር። ሹፌሩ ሳይጠይቅ ወርዶ አራት ሳጥን ቲማቲም መንገድ ዳር አራገፈና ቦታ ሠራ። «ጫኑት፤ እኔ ምን አባቴ፣ ዛሬ የሚሸጠው ሁሉ ቀይ ነው» አለ። በቀልዱ ማንም አልሳቀም፤ እሱም እንዲስቁ አልጠበቀም፤ ሞተሩን አስነሳ። እናትየው የልጇን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋለች። እህቱ የእንጨት ማንኪያውን ይዛለች፤ እሺታው ከሳጥኖቹ አጠገብ ተቀምጧል። የእግሩ ጣቶች ነጭ ሆነዋል። ወንድም ዓይኑን ገለጠና ሰማይ እያየ ተናገረ።

«እማዬ፣ ንገሪያት። ትፍታልኝ።»

«ፍቺለት ልጄ» አለች እናትየው። «እግሩ ሞተ እኮ! ትንሽ ብቻ አላዪለት።»

«ንገሪው፤ አልፈታም።»

«አትፈታም» አለች እናትየው እያለቀሰች፤ በሰባት ሳምንት ልማድ አፏ ራሱ አስተላለፈው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ማንኪያውን ልትፈታ ሞከረች። ልብስ ሰፊዋ መታቻት። በጥፍሮቿ ሥር የደረቀ ደም ባለበት እጅ፣ የእናቷን እጅ በኃይል መታች። በእናቷ ላይ እጅ አንስታ አታውቅም። እናትየው እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ቲማቲሞቹ በየጉድጓዱ እየዘለሉ ሄዱ።

በቅርብ ባለው ክሊኒክ ነርሱ ማሰሪያውን አይቶ «ማንም እንዳይነካው» አለ፤ ክንዱ ላይ ግሉኮስ ሰካለት። ከዚያ በላይ ግን ሊያደርግ የሚችለው አልነበረም። የተቆረጠ የደም ሥር የሚሰፋ ሐኪም የለም፤ ወደ ትልቁ ሆስፒታል አምቡላንስ ተጠርቷል፣ መንገድ ላይ ነው። የፒክአፑ ሹፌር አምቡላንስ ይመጣል ሲባል መንገድ ዳር ያራገፈውን ቲማቲም ሊሰበስብ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለልብስ ሰፊዋ ርዝመት የሌለው ጊዜ ነው። አምቡላንሱ መንገድ ላይ ነው። አሁንም መንገድ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሳይረን ሰምተው ሁሉም ተነሱ፤ የእሳት አደጋ መኪና ሆኖ አለፈ። ወንድም በመሃል በመሃል ውኃ ይጠይቃል፤ እንዳይሰጠው ታዘዋል። አምቡላንሱ ሲመጣ ደግሞ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር፤ ሳይረኑ ይጮሃል፣ መኪኖቹም መሄጃ አጥተው ይጮሃሉ።

ትልቁ ሆስፒታል ሲደርሱ ሁለት ሰዎች አልጋውን እየገፉ ይዘውት ገቡ፤ እናትየውና እሺታው ከኋላ በሩጫ ተከተሉ። ልብስ ሰፊዋን አንዱ «ካርድ አውጪ» ብሎ ወደ መስኮት ላካት። ሰልፉ ውስጥ ከፊቷ ስምንት ሰው አለ። «ወንድሜ እየሞተ ነው፤ አሳልፉኝ» አለች። አንድ ሽማግሌ ዞረው «ልጄ፣ እዚህ ሰልፍ ላይ ያለነው ሁላችንም አንድ አንድ አለን» አሉና ቦታቸውን ለቀቁላት። ካርዱን ይዛ ስትመለስ መጋረጃው ተጋርዷል፤ ከመጋረጃው ጀርባ የወጣት ሴት ሐኪም ድምፅ ሰማች። «ከታሰረ ስድስት ሰዓት አልፎታል። እግሩን እንቆርጣለን፤ እናቱ ይፈርሙ።»

መጋረጃውን ገለጠችው። እናቷ እስክሪብቶ ይዛለች፤ እስክሪብቶው የት እንደሚያርፍ ነርሷ በጣቷ እያሳየቻት ነው። ወንድም በብረት አልጋ ላይ ከወገቡ በታች ራቁቱን ተኝቷል፤ ነጭ አንሶላ ጣል ተደርጎበታል፤ የእንጨት ማንኪያው አሁንም ጭኑ ላይ ነው።

«ማን ነው ስድስት ሰዓት ያለው?»

«እሳቸው» አለች ሐኪሟ፤ እሺታውን አየች። እሺታው ወደ ግድግዳው ተለጠፈ።

«አንተ፣ ምን አልካት?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው ወይ አለችኝ።»

«አንተስ?»

«እሺ አልኳት» አለ፤ እንባው መጣ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ለመቆጣትም ጊዜ ያላት አትመስልም። በጣም የደከማት፣ ከልብስ ሰፊዋ በዕድሜ የምታንስ ሴት ናት። «ስሚኝ እህቴ» አለች። «ደም ያላገኘ እግር ከስድስት ሰዓት በላይ ከቆየ ሥጋው ሞቷል። የሞተውን ብከፍተው መርዙ ወደ ልቡ ይሄዳል፤ እግሩን ላድን ብዬ ሰውየውን እገድላለሁ። ካልቆየ ደግሞ ሥሩን ልሰፋው እሞክራለሁ። ስለዚህ በግምት አይሆንም። ስንት ሰዓት ላይ አሰርሽው?»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች። የግድግዳው ሰዓት ፊቷ ላይ መጣ፤ ክብ ነው፣ ጠርዙ ቡናማ ነው፣ ከላዩ ላይ ደም ተረጭቷል። ዘንጎቹ ግን የሉም። ከውስጧ ቁጥር ፈለገች፤ የአንዲት ልጅ የቀሚስ ርዝመት እንኳ አላገኘችም። ዕድሜዋን በሙሉ የሠራችው ልማድ፣ የኮራችበት ልማድ፣ ቁጥሩን አውጥቶ ጥሎታል። «ጽፌዋለሁ» አለች።

«የት?»

«ሱሪው ላይ።»

ሐኪሟ ነርሷን አየች። ነርሷ መሬቱን አየች። «በመቀስ ቀድጄ አወለቅኩት» አለች። «ወደ ቆሻሻው ገብቷል። ጽዳቷ አሁን ነው የወሰደችው።»

«ጠዋት ነበር፤ ፀሐይ መስኮቷ ላይ ነበረች» አለች እናትየው በጭንቀት፤ ሐኪሟ በፀሐይ እግር እንደማይቆረጥ ሳትነግራት አለፈቻት። «እስከዚያ የማደንዘዣውን ሰው አዘጋጃለሁ» አለች። «አሥር ደቂቃ። ከዚያ በላይ አልችልም፤ ደሙ አልቋል።»

ልብስ ሰፊዋ ሮጠች። ኮሪደሩ ሰው ሞልቶታል፤ ወለል ላይ የተኙ፣ ግሉኮስ ከፍ አድርገው የያዙ፣ ምሳ ዕቃ ያንጠለጠሉ። ደረጃውን ወርዳ፣ የልብስ ማጠቢያውን አልፋ፣ ወደ ጓሮው በሚያስወጣው የብረት በር ላይ ቀይ ከረጢቶች የተጫኑበት ጋሪ የምትገፋ አሮጊት አገኘች።

«እናቴ! የአደጋ ክፍሉን ቆሻሻ አንቺ ነሽ የወሰድሽው?»

«እኔ ነኝ፤ ደግሞ ማን ሊወስድ። ምን ጠፋብሽ? ወርቅ ከሆነ የለም፤ በየቀኑ ወርቅ ጠፋ ይሉኛል።»

«ሱሪ ነው። የወንድሜ ሱሪ።»

«ይሄ በእጅ አይነካም ልጄ፤ ሊቃጠል ነው የሚሄደው። ሱሪ ሌላ ትገዥለታለሽ።»

«እግሩን ሊቆርጡት ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሱሪው ላይ ሰዓት አለ።»

አሮጊቷ ነገሩ አልገባትም፤ ፊቷን ግን አየችው። ከሽርጧ ኪስ ጓንት አውጥታ ወረወረችላትና «መጀመሪያ እጅሽን» አለች፤ የከረጢቶቹን አፍ ራሷ መፍታት ጀመረች። በመጀመሪያው ከረጢት ፋሻና ጥጥ ብቻ ነው። በሁለተኛው ልብስ አለ፤ የብዙ ሰው ልብስ፣ የሕፃን ሹራብ ሳይቀር፣ ሁሉም በደም አንድ ቀለም ሆኗል። አንድ ሱሪ አነሳች፤ ጥላው ሌላ አነሳች። ቀለሙን ትታ በጣቷ ስፌቱን መዳሰስ ጀመረች። ሦስተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። ኪሱ ጠርዝ ላይ ሁለት ረድፍ ስፌት አለ፣ በየጫፉ ሦስት ሦስት ጊዜ የተመለሰ። ወንድሟ መስታወት መቁረጫውን ኪሱ ውስጥ እየከተተ ስለሚቀድደው፣ ከመኳረፋቸው በፊት እሷ ራሷ ነች የደገመችለት። የግራውን እግር ዘረጋችው። ግማሹ ረጥቧል። ከጉልበቱ በላይ ግን ተጭና የጻፈችው ነጭ ጠመኔ አለ፤ አራት ሰዓት ከሃያ።

ጨርቁን ይዛ ስትደርስ የማደንዘዣው ሰው አልጋውን ይዞ ወደ በሩ ሄዷል። ሐኪሟ ጨርቁን ተቀበለች፤ አንብባ የእጇን ሰዓት አየች። ስምንት ተኩል አልፏል። በጣቷ ቆጠረች፤ ከአራት ትንሽ በላይ ነው የቆየው። ወረቀቱን ከእናትየው እጅ ወስዳ አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። «እሞክራለሁ» አለች። «ቃል አልገባም። ደም አምጡ።» ልብስ ሰፊዋ ደም ሰጠች። እሺታውን መርፌውን አሳይተው ሲጠይቁት ፊቱ አመድ መሰለ፤ «እሺ» አለ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሰጠ።

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ብቻ ነበር። እናትና ልጅ በእንጨት አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ነርሷ ወጥታ «የማን ነው ይሄ?» ብላ የእንጨት ማንኪያውን በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠቻቸው፤ እናትየው ተቀብላ ጭኗ ላይ አደረገችው። ደም ከሰጠች ጀምሮ የልብስ ሰፊዋ እጆች ቀዝቅዘዋል፤ ብብቷ ሥር ከተተቻቸው፣ አልሞቁም። የእናቷ እጅ ላይ ቀዩ ምልክት አሁንም አለ። ልታየው አትፈልግም፤ ከሱ ሌላም የምታየው የለም።

«እጅሽ የአባትሽ ነው» አለች እናትየው በመጨረሻ። «ይከብዳል።»

«እማዬ...»

«ዝም በይ። እኔ ብሆን ፈትቼው ነበር።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሐኪሟ ወጣች። ሰፍታዋለች፤ ደሙ ወደ ታች አልፏል፣ ግን ደካማ ነው። «እግሩ ካልሞቀና ካልተሰማው ነገ ጠዋት እቆርጠዋለሁ» አለች፤ ልመና የሚመስል ነገር በድምፅዋ ውስጥ ነበር፤ ማንን እንደምትለምን አይታወቅም። ወደ ክፍሉ የሚገባ አንድ ሰው ብቻ ነው አሉ። እናትየው ማንኪያውን አቅፋ፣ «አንቺ ግቢ» አለች።

ክፍሉ ውስጥ ስድስት አልጋ አለ፤ የሱ በመስኮቱ ሥር ነው። ልብስ ሰፊዋ አልጋው ግርጌ ላይ ተቀመጠች። የቀኝ እግሩን ከአንሶላው አወጣችው፤ ነጭ ነው፣ በፋሻ ውስጥ ያለ የሰም እግር ይመስላል። በሁለት እጇ ያዘችው። ሙቀት ፈለገች፤ የራሷ እጅ በድን ስለሆነ ቅዝቃዜው የማን እንደሆነ ሊለይላት አልቻለም። አጥብቃ ያዘችው። ነገ ጠዋት፣ ነገ ጠዋት እያለች ያዘችው። ከመስኮቱ ውጭ ብርሃኑ ቀስ እያለ ሄደ፤ ሊቆጥቡ ነው መሰል መብራቱን ገና አላበሩትም። ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጠች አታውቅም፤ ይሄኛውን አልጻፈችውም።

ወንድም ነቃ። ዓይኑን አዙሮ ክፍሉን ፈለገ።

«እማዬ?»

መልስ የሚያስተላልፍ ሰው አልነበረም። «ውጭ ናት» አለች ልብስ ሰፊዋ ራሷ። «አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስገቡት።»

ጣሪያውን አየ። ከንፈሩ ደርቋል፤ ሲውጥ ጉሮሮው ተሰማ። ዓይኑን መልሶ ጨፈነና እንቅልፍ የወሰደው መሰለ። ጎረቤት አልጋ ላይ ያለው ሰው ሳለ፤ ጋሪ በኮሪደሩ አለፈ። ከዚያ ወንድም ፊቱን አኮማተረ።

«እትዬ» አለ።

«አቤት።»

«እጅሽ ይበርዳል።»

«የቱ ጋ?» አለች፤ እግሩን ሳትለቅ ጎንበስ ብላ ደገመችው። «የቱ ጋ ነው የበረደህ?»

«እግሬ ላይ ነዋ። አንሺው፤ በረደኝ።»

«አላነሳም» አለችው።